የእሜቴ ቀማሽ

ሰኞ 4

ዛሬ አዲስ ሠራተኛ ገባች። ኃላፊው በቁርስ ሰዓት ይዘዋት ዞሩ። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሥልጠና ወስዳ የመጣች ናት፣ ጫማዋ ነጭ ነው። በዚህ ዝናብና በዚህ ጭቃ ነጭ ጫማ! ሳምንት አይቆይም አልኩ በሆዴ። ጫማውን ማለቴ ነው።

ኃላፊው «እሷ ሁሉንም ታሳይሻለች፣ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ኖራለች» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ስምንት ሴቶች፣ አምስት መኝታ ክፍል፣ አንድ ረጅም የምግብ ጠረጴዛ፤ በሳምንት አምስት ቀን እዚሁ እያደርኩ የማላውቀው ጥግ የለም። የመድኃኒቱን ቁም ሣጥን አሳየኋት፣ የርክክብ መዝገቡን አሳየኋት። ከሬዲዮ ጋር አስተዋወቅኋት። ሬዲዮ የምንላት ከሴቶቹ መካከል ከነጋ እስኪመሽ ወሬ የማታቋርጠዋን ነው። ልጅቷን ገና ከማየቷ «ባል አለሽ? ጫማሽ ስንት ነው? እኔ አንድ ጊዜ አውሮፕላን ነድቻለሁ» አለቻት።

የእሜቴን ነገር ግን አልነገርኳትም። ጊዜ አልነበረም።

ረቡዕ 6

ጊዜ ነበረ። ሦስት ቀን ሙሉ ነበረ።

እሜቴ ማለት ከስምንቱ ሴቶች ልብስ ሰፊዋ ናት። ስድሳ ስድስት ዓመቷ፣ ጣቶቿ አሁንም መርፌ የያዙ ይመስል አንድ ላይ ይገጥማሉ። ሰው ምግቤ ውስጥ መርዝ ይጨምርብኛል ትላለች። የዛሬ ሰባት ዓመት ስትመጣ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሐኪሙ ደከመ፣ ወጥ ቤቷ ለመነች፣ ልጇ አለቀሰች፤ ወይ ፍንክች። አንድ ቀን ምሳ ይዤላት ገባሁና፣ ነገሩ ሰልችቶኝ ይሁን አዝኜላት አላውቅም፣ ማንኪያዋን ነጥቄ ከሳህኗ አንድ ጉርሻ ዋጥኩ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየች ሩብ ሰዓት ጠበቀችኝ። አልሞትኩም። በላች።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት በሙሉ፣ ክፍሏ ውስጥ፣ በር ዘግተን፣ መጀመሪያ እኔ አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ እሷ። «እንደ ንግሥት በቀማሽ የምትበይ እሜቴ ነሽ» ብዬ ብቀልድባት ሳቀች፤ ስሟ በዚያው ቀረ። ኃላፊው ያውቃሉ፤ አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ፤ መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ሁለት ቀን ዕረፍት ስወጣ እሜቴ የምትበላው ራሷ የላጠችውን እንቁላልና ሙዝ ብቻ ነው። ሰኞ ስመለስ በር ላይ ቆማ «እታለም፣ በረሃብ ገደልሽኝ እኮ!» ትለኛለች።

እንዲህ ብሎ የሚጠብቀኝ ሌላ ሰው የለኝም።

ሐሙስ 7

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። አዲሷ ዛሬ «እሜቴ» ብላ ጠራቻት። በአራተኛ ቀኗ! ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጫማዋ እስካሁን ነጭ ነው።

ቅዳሜ 9

ዕረፍት። እህቴ ቤት ነኝ። ታላቄ ናት፤ ምላሷ አያድርስ ነው። ምሳ እየበላን ስለ አዲሷ ሳወራ ሰማችኝ ሰማችኝና «እስቲ እንደው ተይኝ! ልጅቷ ምን አደረገችሽ?» አለችኝ።

«ምንም አላደረገችኝም።»

«ታዲያ ከገባሽ ጀምሮ ስለ ጫማዋ ነው የምታወሪው።»

ልጆቿ ሳቁብኝ።

ማክሰኞ 12

ትናንት ከዕረፍት ስመለስ እሜቴ በር ላይ የለችም። ሳሎን ተቀምጣ የሬዲዮን ቀሚስ ጠርዝ ትጠቅማለች። «ደህና ዋልሽ እታለም» አለች፣ ቀና ሳትል። አልተራበችማ።

እሁድ ዕለት የተደረገውን የነገረችኝ ሬዲዮ ናት፤ ሦስት ጊዜ ነገረችኝ። አዲሷ ድስቱን እንዳለ ከወጥ ቤት አምጥታ ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠች። ሳህን ላይ ተቀድቶ የሚመጣ ምግብ ቀረ። ጭልፋውን ለሁሉም አዞረች፤ ሁሉም ለራሱ ቀዳ። እሜቴን «እርስዎ መጨረሻ ይቅዱ። ሁላችንም ስንበላ አይተው፣ ከፈለጉ ይበላሉ፤ ካልፈለጉ እንቁላልዎ አለ» አለቻት። እሜቴ ሁሉም በልተው እስኪጨርሱ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ድንች ቀድታ፣ ቆማ፣ ሁለት ጭልፋ በላች።

ድንች! ያለ እኔ!

ኃላፊው ዛሬ በስብሰባ ላይ አዲሷን አመሰገኗት። «ፍርሃቱን ሳትነካ መንገድ ሰጠችው፣ ይኸው ነው ሙያ ማለት። በሰባት ዓመት ያልሆነ ነገር ነው» አሉ። «ሰባት ዓመት» ሲሉ እኔን አላዩኝም። ወይም አይተውኛል። እኔ ነኝ ያላየኋቸው፤ መሬት መሬቱን ነበር የማየው።

ደስ ሊለኝ ይገባል። ደስ ብሎኛል። እሜቴ ከሰው ጋር በላች ማለት እኮ ትልቅ ነገር ነው። ታዲያ ይህ አንጀቴን የሚያቃጥለኝ ምንድን ነው? እኔን ያበሸቀኝ ሥራው አይደለም፣ አሠራሯ ነው። ቀስ ያለ ድምፅ፣ «እርስዎ»፣ ፈገግታ። ቅቤ አንጓች።

እሁድ 17

ተራ ለውጬ ዛሬ ገባሁ። እህቴ «ዕረፍትሽን ትሸጫለሽ እንዴ?» አለችኝ። ዝናቡ ሰልችቶኝ ነው አልኳት። እዚህም ያው ዝናብ ነው።

በምሳ ሰዓት እጄ እንደለመደው የእሜቴን ሳህን ይዤ ወደ ክፍሏ ሄድኩ። ባዶ። አልጋው ተነጥፏል፣ ወንበሬ ግድግዳውን ተደግፏል። ከሳሎን ሳቅ ሰማሁ፤ ከሳቁ ውስጥ አንደኛው የእሷ ነው። ሳቋ ቀጭን ነው፣ አይጠፋኝም።

አልጋዋ ላይ ቁጭ ብዬ ሳህኑን ሙሉ በላሁት። ሩዝ ነበር። ጨው አንሶታል።

ረቡዕ 20

ልጇ መጣች። እናቷ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ከሰው ጋር ስትበላ በበሩ አየችና እዚያው ፊቷን ሸፍና ተንሰቀሰቀች። እናቷ ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት «አንቺም ከእነሱ ጋር ነሽ!» ብላ ሳህኑን ከእጇ መትታ ጥላባታለች። ያንን ሰባት ዓመት ተሸክማው ኖራለች።

ከዚያ ኃላፊው ቢሮ ገቡ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሰማሁ። (ኮሪደር እየወለወልኩ ነበር። ኮሪደሩ ቆሽሾ ነበር።) «ባለቤቴም ተስማምቷል። ክፍሉ ተዘጋጅቷል። እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ እንዲህ ከሰው ጋር እየበላች ከቆየች ወደ ቤት እወስዳታለሁ» አለች። ኃላፊው «ከቆየች እኔም አልከለክልም» አሉ።

ስትወጣ አዲሷን አቅፋ ጉንጯን አገላብጣ ሳመቻት። ከዚያ እኔን አየችና «ውይ! አንቺም እስካሁን እዚሁ ነሽ?» አለችኝ።

አለሁ አልኳት።

ሐሙስ 21

አዲሷ ሳህን እያጠብን ሳለ፣ «እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለችኝ። «እሜቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ከመዋጣቸው በፊት ሁልጊዜ እርስዎን ነው የሚያዩት። እርስዎ ሲበሉ ካዩ በኋላ ነው የሚበሉት። ለምንድን ነው?»

እኔ እንጃ አልኳት።

ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ሬዲዮ እንኳ «እታለም ዛሬ ምን አግኝታ ነው?» አለች። ለካ አሁንም እኔን ታያለች!

እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ። ቆጠርኩት፤ ሠላሳ ዘጠኝ ቀን።

ሰኞ 25

ምሳ አልበላሁም። ሆዴን አሞኝ ነበር። ሰው ሆዱን አያመውም እንዴ?

ማንኪያውን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት፤ ይኸው ነው። እሜቴ ከጠረጴዛው ወዲያ ጫፍ አየችኝ። «ምነው እታለም?» አለች። ሆዴን አልኳት። «ከመቼ ጀምሮ?» ከጠዋት ጀምሮ አልኳት። «ከቁርስ በኋላ ነው ወይስ በፊት?» እኔ እንጃ፣ በኋላ መሰለኝ አልኳት።

እሷም ማንኪያዋን አስቀመጠች።

ማክሰኞ 26

ቁርስ ላይ እሜቴ አልመጣችም። በምሳ ሰዓት በሬን አንኳኳች፤ ሳህን በሁለት እጇ ይዛለች። «እታለም፣ ነይ» ብቻ ነው ያለችኝ። ክፍሏ ገባን፣ በር ዘጋን፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ቀመስኩ። ሰዓቱን አየች። ሩብ ሰዓት፣ ከዚያ በላች።

በመስኮቱ ዝናቡ ይወርዳል። ሁለታችን ብቻ። ስለ ድሮ ደንበኞቿ አጫወተችኝ፣ የሙሽራ ቀሚስ አስለክታ ባሏን ስለቀየረችው ሴት። ስንት ጊዜ የሰማሁት ነው፤ ዛሬም ሳቅኩ።

ሳህኑን ይዤ ስመለስ አዲሷ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። «ምን ሆኑብኝ?» አለች። ብኝ! የእሷ ሆነችና!

ሐሙስ 28

አዲሷ መዝገቡን ገልብጣ ገልብጣ ምን እንደተለወጠ ትፈልጋለች። ሁሉንም ጠየቀች። እኔንም፣ «እትዬ፣ ሰኞ ያመመዎት ምን በልተው ይሆን? እሜቴ የፈሩት ከዚያ ወዲህ ነው» አለችኝ። የምታስተውል ልጅ ናት። ቁርስ ይሆናል አልኳት።

ነገሩ ኃላፊው ጆሮ ደረሰ። የውኃ ማጠራቀሚያው ታጠበ። የዱቄቱ ጆንያ ተራገፈ። ወጥ ቤቷን አስጠርተው ጠየቋት፤ እያለቀሰች ወጣች። «ሃያ ዓመት አብስያለሁ፤ አንድ ሰው አሞት አያውቅም!» እያለች ድስቶቿን ሁሉ አውጥታ ዝናብ ላይ ደረደረቻቸው።

አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። በኋላ እላለሁ አልኩ። ድስቶቹን አብሬያት አጠብኩ።

ቅዳሜ 30

ዕረፍት። እህቴ ጎመን ሠርታለች። አልወርድ አለኝ። «ሆድሽን ነው?» አለችኝ። አይደለም ብዬ ጮህኩባት። ልጆቹ ደነገጡ።

ማክሰኞ 3

እንቁላሉንም ትታዋለች። ቅዳሜና እሁድ የበላችው ሁለት ሙዝ ነው። ሚዛን ላይ አወጣናት፤ ሦስት ኪሎ ተኩል ቀንሳለች።

እኔ ስቀምስላት በላች። ግን ሩብ ሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ሆኗል። በየመሀሉ «አሁንስ? አሁንስ አመመሽ?» ትላለች። ደህና ነኝ እላታለሁ። ፊቴን ትመረምራለች፣ እጄን ትዳስሳለች። ምግቡ ቀዘቀዘ። ሦስት ጉርሻ ብቻ በላች።

እንዲህ እንዲሆን አልፈለግሁም። ወደ ድሮው ብቻ እንዲመለስ ነበር። የድሮው ምን ነበረው? ትበላ ነበር እኮ!

ዓርብ 6

ዛሬ ማንኪያውን ወደ አፌ ሳደርስ እጄን ያዘችኝ።

«ተዪው» አለችኝ።

«ለምን? ልቅመስልሽ እንጂ።»

«አንቺን ቀስ እያለ ነው የሚገድልሽ። ሰባት ዓመት ሙሉ በእኔ ምክንያት በላሽ። ይኸው ሆድሽን ጀመረሽ። እንዳትሞቺብኝ እታለም፣ እኔ ብቀር ይሻላል።»

ማንኪያውን ከእጄ ወስዳ ሳህኑን አልጋ ሥር ሸሸገችው፣ እንዳልነካው። እጇ ቀልሎ ቀልሎ የሕፃን እጅ ሆኗል።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ቅዳሜ 7

ወደ ቤት አልሄድኩም። ኃላፊው እስከ ረቡዕ ካልበላች ሆስፒታል ትገባለች አሉ፤ በጉሉኮስ፣ ምናልባትም ከአልጋ ታስራ። እዚህ ከመምጣቷ በፊት አንድ ጊዜ ታስራ ተመግባለች። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ከማንም ጋር አልተናገረችም። ልጇ ደውላ «ክፍሉን ላከራየው ማለት ነው?» ብላ ጠይቃለች፤ ክፋት የለባትም፣ ተስፋዋ ተሟጦ ነው።

አዲሷን የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ አገኘኋት። የቆሸሸ አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። «የኔ ጥፋት ነው እትዬ። አስቸኮልኳቸው። እርስዎ ሰባት ዓመት በትዕግሥት የያዙትን እኔ በሳምንት አበላሸሁት። ኃላፊው የሙከራ ጊዜሽን አናጸድቅልሽም ብለውኛል፤ እውነታቸውን ነው።»

ጎኗ ተቀመጥኩ። ፎጣ አነሳሁና አጠፍኩ። ሌላ አነሳሁና አጠፍኩ። አሥራ አንድ ፎጣ አጠፍኩ።

ጫማዋ ጭቃ ብቻ ሆኗል። ሳየው ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።

ሰኞ 9

እንግዲህ እጽፈዋለሁ። ደብተሩን ማንም አያነበውም፣ ለራሴ እንኳ ልንገረው።

ሆዴን አላመመኝም ነበር።

ያን ሰኞ ጤነኛ ነበርኩ፣ ርቦኝም ነበር። እሜቴ እንደምታየኝ አውቅ ነበር፤ ሐሙስ ዕለት አዲሷ ነግራኛለች። አውቄ ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። «ከቁርስ በኋላ» ያልኩትም አውቄ ነው። ልትሄድብኝ ነው ብዬ። ልጇ ትወስዳታለች፣ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ ይጠፋል ብዬ። ቀንቼ ነው። አዲሷ ላይ ቀናሁ፣ ልጇ ላይ ቀናሁ፣ ድስቱ ላይ እንኳ ቀናሁ፣ አፈር በበላሁ!

ጠዋት ለኃላፊው ብነግራቸው ሊያባርሩኝ ይችላሉ። ግን መንገሬ እሜቴን አያበላትም። እሜቴ የምታምነው እኔን ነው፤ እኔ ደግሞ አሞኛል ብያለሁ። ምግቡ ደህና ነው ብላት ልታጽናናኝ ነው ትላለች። እንድታምን፣ የዋሸሁት እኔ መሆኔን ማወቅ አለባት። ካወቀች ደግሞ እኔን ማመን ታቆማለች። ሌላ መንገድ ሳስብ ዋልኩ፣ ሳስብ አመሸሁ። ስለ እሷ አስቤ አይመስለኝም፣ እኔ የምተርፍበትን ነው የፈለግሁት።

ማክሰኞ 10

በምሳ ሰዓት ተናገርኩ። ሁሉም ባሉበት።

እሜቴን ክፍሏ ሄጄ እጇን ይዤ አመጣኋት፤ አልመጣም አላለችም፣ ለእኔ እንቢ አትልም። ኃላፊውን ጠራሁ፣ ወጥ ቤቷን ጠራሁ። ድስቱ መሀል ላይ ነበር። ከመቀመጤ በፊት፣ «እሜቴ» አልኳት፣ «ያን ሰኞ ሆዴን አላመመኝም። ዋሽቼሽ ነው።»

ሬዲዮ እንኳ ወሬዋን አቋረጠች፤ በዘጠኝ ዓመት አይቼ አላውቅም።

«ለምን?» አለች እሜቴ።

«ከእነሱ ጋር ስትበይ ቀናሁ። እንድትሄጂ አልፈለግሁም።»

«ቁርሱስ?»

«ቁርሱ ምንም የለበትም። ወጥ ቤቷም ንጹሕ ናት። ይቺም ልጅ ምንም አላጠፋችም። እኔ ነኝ።»

ወጥ ቤቷ «እግዚኦ!» ብላ በጨርቋ አፏን ያዘች። አዲሷን ማየት አልቻልኩም። እሜቴ ግን ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። ያቺ ፊቴን የምትመረምርበት አስተያየት ነው፣ አሁን ግን ሕመም አይደለም የምትፈልገው።

«ሰባት ዓመቱስ?» አለችኝ።

«ሰባት ዓመቱ እውነት ነው። በነፍሴ!»

«አሁን እሱን በምን አውቃለሁ?»

እሜቴ ብድግ ብላ ወደ ክፍሏ ሄደች። አልበላችም። ከክፍሉ አራቱም ማዕዘን ሁሉም እኔን ያያል።

ረቡዕ 11

ኃላፊው ጠዋት ጠሩኝ። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። «እኔም አይቼ እንዳላየሁ ያለፍኩት ነገር ስላለ ነው የማላባርርሽ» አሉ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። እሜቴን አዲሷ ትይዛታለች፤ እኔ ክፍሏ አልገባም። ፈረምኩ።

አምቡላንሱ ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጥሮ ነበር። በስድስት ሰዓት ተኩል አዲሷ ድስቱን አመጣች። እኔ ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜያለሁ። ሁሉም በሉ። እሜቴ ግድግዳውን ተደግፋ ታያለች፤ እነሱን፣ ድስቱን፣ ጭልፋውን። ወደ እኔ አንድ ጊዜም አልዞረችም። ሁሉም ሲጨርሱ መጣች፣ ቆማ አንድ ጭልፋ ሾርባ ቀዳች፣ አሸተተችው። አዲሷ ሌላ ነገር የምታይ መሰለች።

ጠጣችው። ደገመች።

ኃላፊው ስልክ ሊደውሉ ሮጡ። እኔ ጓሮ ወጥቼ ዝናብ ላይ አለቀስኩ፤ ከደስታ ነው። ከደስታ ብቻ አይደለም።

ቅዳሜ 14

ሁለት ኪሎ ተመልሷል። አዲሷ ታናግረኛለች፣ «እትዬ» ትለኛለች፣ ግን ድሮ እንደነበረው አይደለም። የሙከራ ጊዜዋ ጸደቀላት። ወጥ ቤቷ አታናግረኝም፤ ምግቤን ታቀርብና ዞር ትላለች። ሐቋ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ከእሜቴ ጋር ተገጣጠምን። «ደህና ዋልሽ» አለችኝ። እታለም አላለችኝም።

ዓርብ 20

ተቀምጣ በላች። ሩዝ፣ ምስር፣ ዳቦ። ሬዲዮ «አንቺ ሴትዮ፣ ለሌላውም አስቢ እንጂ!» አለቻት። ሳቀች። ወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁት።

እሁድ 29

ዛሬ ሄደች።

ልጇ ከባሏ ጋር መጣች። እሜቴ የራሷን ቀሚስ ራሷ አሳጥራ ለብሳለች፣ ልክክ ብሎባታል። ሁሉንም ተራ በተራ ሳመች። ሬዲዮ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አልለቅም አለች። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ እኔንም ሳመችኝ፣ ሦስት ጊዜ፣ እንደ ሌሎቹ። ከዚያ ኃላፊው «የቀኑን መድኃኒት ወስደው ይሂዱ» ሲሉ፣ ቅርብ የነበርኩት እኔ ነኝና ውኃ ቀድቼ ሰጠኋት።

ብርጭቆውን አየችው። አልተቆጣችም፣ አልመታችኝም። እጇን ወደ ኋላ አደረገችና ቆመች። አዲሷ ሌላ ብርጭቆ እስክታመጣ ሁላችንም ጠበቅን። እኔ የያዝኩትን ራሴ ጠጣሁት፣ ምን ላድርገው።

ሻንጣው ሲጫን ልጇ ወደ ጎን ወሰደችኝ። ሁሉንም ሰምታለች፤ ፊቷ ላይ አየዋለሁ። ግን የመጣችው ለወቀሳ አይደለም፣ ፈርታ ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ከአንቺ በላይ የሚያውቃት የለም» አለችኝ። «ማታ እራት ሳቀርብላት፣ እኔ መጀመሪያ ልቅመስላት? አንቺ ሰባት ዓመት ያኖርሻት እንደዚያ ነው አይደል?»

አዎ ልላት ነበር። እውነቱን ነው የምጽፈው፤ አዎ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አዎ ብላት፣ ቢያንስ እዚያ ቤት ውስጥ በየቀኑ የእኔ ነገር ይኖራል።

«አትቅመሺላት» አልኳት። «ድስቱን መሀል አድርጊው። ጭልፋውን ስጫትና አንቺ ብዪ። ፊቷን አትዪ።»

«እሺ» አለችኝ። «እሺ» ብላ ደገመችው፣ እንዳትረሳው። ከዚያ ሮጣ መኪናው ውስጥ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች፤ እሜቴም የልጇን ኮሌታ የተጣመመውን አስተካከለችላት።

ቀናሁባት።